ከጃፓን ዞሮ ሱሉልታ የገባው ጥያቄ

እኛ ሰዎች አንድ የማይለቀን ጠባይ አለን። ወሬ ሲነገረን «እንዴት ሆኖ!» እንላለን፣ «አይባልም!» እንላለን፣ ከንፈራችንን እንመጣለን፤ ወሬውን ያመጣውን ሰው ግን «አንተስ ከማን ሰማህ?» ብለን አንጠይቀውም። ብንጠይቀው ይቀየመናል። «ታዲያ ልዋሽህ ነው?» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ይነሣል። ስለዚህ ዝም ብለን እንቀበልና ለሚቀጥለው ሰው እናቀብላለን፤ ስናቀብልም ትንሽ ቅመም ጣል እናደርግበታለን። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች «እኔስ እንዲህ አላደርግም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስቲ ባለፈው ሳምንት ስለ ጎረቤታችሁ የሰማችሁትን ነገር አስታውሱት። ከማን ሰማችሁት? እሱስ ከማን ሰማ?

አያችሁ!

እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ይህን ጠባይ ያስተወኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የጃፓን ታሪክ ነው። ያስተወኝ ደግሞ በምክር አይደለም፤ በድንጋጤ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ስለ ጃፓን ያወራ ነበር። እነሱም ንጉሠ ነገሥት አላቸው፣ እኛም አለን። እነሱም የጥንት አገር ናቸው፣ እኛም ነን። ታዲያ እነሱ መርከብና ባቡር ሲሠሩ እኛ ምን ሆነን ነው መርፌ ሳይቀር ከውጭ የምናስመጣው? በየሻይ ቤቱ ይህ ክርክር ይጦፋል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ክርክሩ ግን አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የጃፓን ታሪክ መግቢያና የታሪክ ምርምር ዘዴ» የሚል ትምህርት ሲለጠፍ ተጋፍተን ተመዘገብን። ከርዕሱ ያነበብነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። የጃፓንን ምስጢር ሰምተን አገራችንን በአጭር ጊዜ ውስጥ ልናሠለጥናት ነው ያሰብነው። እኔ በበኩሌ ይበልጥ የጓጓሁት ሳሙራይ የሚባለው ወታደራቸው ሰይፉን እንዴት እንደሚመዝዝ ለማወቅ ነበር፤ ይህንን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አስተማሪያችን ዶክተር ይልማ ይባላሉ። ጃፓን አገር ብዙ ዓመት ተምረው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ክፍል ሲገቡ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሡናል። በመጀመሪያው ቀን የወደቀባቸውን ነገር የሚፈልጉ መስሎን ግማሾቻችን አብረናቸው ጎንበስ ብለን ወለሉን ቃኘን።

ቀና ስንል ትምህርቱ ተጀመረ፤ የእኛም ድንጋጤ አብሮ ተጀመረ። አንድ ወር ሙሉ አንድም ሰይፍ ከሰገባው አልወጣም። ጃፓን ፊቷን ወደ ሥልጣኔ ስላዞረችበት ስለ ሜጂ ዘመን አንዲት ነገር ይናገሩና ቆም ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን እንደ ተከሳሽ ያፋጥጡታል። «ይህን ማን ነገረኝ? እሱስ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ካየስ የት ሆኖ አየ?» ሳሙራዮች ሰይፍ እንዳይታጠቁ የታወጀበትን አዋጅ ሲያነሡ እንኳ፣ አሁንስ ደረሰልን ብለን ወንበራችንን ስናስጠጋ፣ አዋጁን ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንደ ገለበጠው፣ የገለበጠው ሰው ምን ጥቅም እንደ ነበረው ሲጠያይቁ ደወል ተደወለ። ትዕግሥቱ ያለቀ አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣና «ዶክተር፣ ጃፓን መቼ ነው የምትሠለጥነው?» አላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «መሠልጠኗን ማን ነገረህ?» አሉት። ጓደኛችን አፉን ይዞ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣሉና በክቡ ዙሪያ እንደ ጃንጥላ ሽቦ የሚወጡ መስመሮች አሰመሩ። የጃፓን ገበሬዎች፣ አገራቸው በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ በየጌታው ትገዛ በነበረችበት ዘመን፣ ግብር ሲበዛባቸው አቤቱታ ይጽፉ ነበር አሉን። ጌታው አቤቱታውን ሊቀበል ይችላል፤ ያስተባበረውን ሰው ግን ያስገድለዋል። ስለዚህ ስማቸውን ከላይ ወደ ታች በመጻፍ ፈንታ እንዲህ በክብ ዙሪያ ይፈርማሉ። «ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ፈራሚ ማነው?» አሉና ጠመኔውን አስቀመጡ። አንዳንዶቻችን ከላይ ያለውን አልን፤ አንዳንዶቻችን በስተቀኝ ያለውን። «ከየት ጀምራችሁ ነው የቆጠራችሁት?» አሉን። ለካ ክብ መነሻ የለውም። «ክብ ሲያጋጥማችሁ ቀስ በሉ» አሉን። እኔም «ቀስ ማለት» ብዬ ጻፍኩና ምሳ ምን ይሆን ወደሚለው ሐሳቤ ተመለስኩ።

ከዚያ የቤት ሥራ መጣ። «ጃፓን ሩቅ ናት» አሉ ዶክተር ይልማ፤ «እጃችሁን በቅርቡ አፍታቱ። ያዩት ሰዎች ዛሬም በሕይወት ያሉበት አንድ ትንሽ የአካባቢያችሁን ነገር ያዙ። እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠይቁ። አንዱ የነገራችሁን ለሌላው አትንገሩ። የምንጫችሁን ስም፣ የት ሆኖ እንዳየ ወይም እንደ ሰማ ጻፉ። ስም የሌለው ምንጭ ይዞልኝ የመጣ ተማሪ ባዶ ወረቀት እንዳመጣ ነው የምቆጥረው።»

ጓደኞቼ ድልድይና ትምህርት ቤት የተሠራበትን ታሪክ ያዙ። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር መረጥኩ። ተወልጄ ያደግኩት ሱሉልታ ነው። እኔ ገና ፊደል በምቆጥርበት ዘመን እዚያ የአቶ ሽፈራው የገብስ ክምር ተቃጥሎ ነበር። አቶ ሽፈራው ከሰሜን መጥተው፣ እህል ነግደው፣ መሬት ገዝተው ከእኛው ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ክምሩን ማን እንዳቃጠለው አገር ያውቃል፤ አፈርሳታ ተቀምጦ ተገኝቷል። ሄጄ ሦስት አራት ሰው ጠይቄ፣ የታወቀውን መልስ ጽፌ፣ አንደኛ ልወጣ ነው።

በአፈርሳታ ዘመን ያልደረሰ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሌላው ሳይሰማው፣ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ ሹክ ይላል። ይህ ሹክ ባይ ሰው «ወፍ» ይባላል፤ በኦሮምኛው ሲምቢራ። ሽማግሌዎቹ «ወፍ ነገረን» ይላሉ እንጂ ወፉ ማን እንደሆነ ቢሞቱም አያወጡም፤ ምለዋል። እርስ በርሳቸው እንኳ «ወፉ አንተ ዘንድ ነው የመጣው? ምን አለህ?» መባባል ትልቅ ነውር ነው። ሁሉም አንድ ስም ላይ ከተስማሙ ግን በቃ፣ አለቀ። ይቺን ነውር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጓታላችሁ።

የዚያ አፈርሳታ ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ፤ ግራዝማች ተሰማ፣ ኦቦ ቶላና የእኔው አባት ኦቦ በዳዳ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ውሎ ካደረ በኋላ፣ ከብቱ ጠባቂ አጥቶ፣ ዝናቡም ሲያጉረመርም፣ ሦስቱ ተነሡና «ወፍ ነግሮናል» አሉ። ኦቦ ደበላን ጠሩ። ኦቦ ደበላ ጥሩ ገበሬ፣ ጥሩ ጎረቤት የነበሩ ሰው ናቸው። ማሉ፤ ተገዘቱ፤ መሬት ላይ ወደቁ። ማን ይሰማቸዋል? በሬዎቻቸው ለካሣ ተነዱ። ከዚያ ወዲያ ለደቦ የሚጠራቸው፣ ለቅሶ ቤት አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሚስታቸውንና ገና የተወለደች ልጃቸውን ይዘው ቡራዩ ገቡ።

እኔም ሥራዬን የጀመርኩት ከቡራዩ ነው። ጥፋተኛውን መጀመሪያ ልጠይቅ፣ ካመነ ሥራዬ በአንድ ቀን ያልቃል ብዬ። ኦቦ ደበላን ያገኘኋቸው ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ደበላ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ። የማን ልጅ ነህ?»

«የሱሉልታው የኦቦ በዳዳ።»

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምርምር ዘዴ የሚባለው ነገር በሙሉ ከጭንቅላቴ ተነነ። እሳቸው ግን መጥረቢያቸውን ቀስ ብለው ግንዱ ላይ አሳረፉና «አባትህ ደህና ነው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እንዲያ አልደነግጥም ነበር።

«አባትህን አልቀየመውም» አሉ ከተቀመጥን በኋላ። «ምሎ የተቀመጠ ሰው ነው። የሰማውን ተናገረ። እኔ የምቀየመው ወፉን ነው።»

«ወፉን ያውቁታል እንዴ?»

«እንዴት አላውቀውም! ወንድሜ ነው፤ ፈይሳ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክምሩ ከመቃጠሉ በፊት ኦቦ ደበላ ከአቶ ሽፈራው ጋር በግጦሽ ድንበር ተጣልተዋል። በንዴት «አንድ ቀን ያገኛታል!» ብለው የተናገሩት ለታናሽ ወንድማቸው ለፈይሳ ብቻ ነው። «ሌላ የሰማ የለም» አሉኝ። «ታዲያ ወፉ ማን ሊሆን ነው? ንገረኛ፣ የተማርከው!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። እናታቸው ሲሞቱ እንኳ አንዱ ከመቃብሩ ወዲህ፣ አንዱ ከመቃብሩ ወዲያ ቆመው አፈር አልብሰው ተለያዩ። ፈይሳ ሰበታ ገብቶ ወፍጮ ቤት ይሠራል። «እኔ አይደለሁም» እያለ ሽማግሌ ቢልክባቸው «በሽማግሌ የጠፋሁ ሰው በሽማግሌ ልታረቅ?» ብለው መለሱበት።

ልሰናበታቸው ስነሣ እጄን ያዙኝ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ነገር ለምንሃለሁ። ወፉ እሱ መሆኑን ካባትህ አፍ ስማልኝ። እሱ ከሆነ እንደ ጠላሁት እሞታለሁ፤ ግድ የለም። ካልሆነ ግን...» እጄን ለቀው መጥረቢያቸውን አነሡ።

አሁን እንግዲህ ነገሩ የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሆነብኝ። እንጦጦን የሚሻገረው አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ሳስብ፣ ሽማግሌዎቹን «ወፉ ማነው?» ብል በዱላ እንደሚያባርሩኝ ገባኝ። መሐላ አለባቸው። ስለዚህ የዶክተር ይልማን ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ ወሰንኩ። ማን አላችሁ ሳይሆን፣ የት ሆናችሁ ሰማችሁ።

ኦቦ ቶላን ያገኘኋቸው ሜዳው ላይ ሣር ሲያሳጭዱ ነው። ጥያቄዬን ሲሰሙ ሳቁብኝ።

«ስለ ወፍማ እኔን አትጠይቀኝ። ወፉ እኔ ዘንድ አልመጣም። ግራዝማች ዘንድ ነው የመጣው።»

«በምን አወቁ?»

«ጠጋ ብሎ "ደበላ?" አለኝ። በቃ፣ ገባኝ። ወፉ ነግሮታል ማለት ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ አባትህን ጠርቼ "ደበላ ነው" አልኩት።»

በጣም ደስ አለኝ። ዘዴው ይሠራል! ኦቦ ቶላ ሰምተው ነው እንጂ ምንጭ አይደሉም፤ ምንጩ ግራዝማች ናቸው። ሣር እያሸተትኩ፣ እያፏጨሁ ወደ ግራዝማች ቤት ወረድኩ።

ግራዝማች ተሰማ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አርጅተዋል፤ ቁጣቸው ግን አላረጀም።

«እኔ ከወፍ ሰማሁ? ማን ነው እንዲህ ያለህ?» ብለው ጮኹብኝ። «እኔ ደበላን የጠረጠርኩት በራሴ ነው። ሰው ሁሉ አርፎ ተቀምጦ እሱ ብቻ ልሂድ፣ ልሂድ ይላል። ቶላ የሰማው ነገር እንዳለ ልወቅ ብዬ "ደበላ?" አልኩት። ጠየቅኩት እንጂ አልነገርኩትም! ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ቆይቶ አባትህ መጣና "ደበላ ነው" አለኝ። እንግዲህ ወፉ አባትህ ዘንድ ነው የሄደው ብዬ ተቀበልኩ። ያንተ አባት ደግሞ የማይዋሽ ሰው ነው።»

ማፏጨቴን ተውኩ።

እዚህ ላይ እናንተም ቆም በሉ። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። ግራዝማች ካባቴ ሰሙ። ኦቦ ቶላ ከግራዝማች ሰሙ። የቀረኝ አባቴ ብቻ ናቸው። አባቴ ከወፍ ሰምተው ከሆነ ደህና። ካልሰሙ ግን... ከዚያ በላይ ማሰብ ፈራሁ። ከግራዝማች ቤት እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ በልጅነቴ በሩጫ ነበር የምጨርሰው፤ ያን ቀን አላልቅ አለኝ። «አምላኬ ሆይ፣ አባቴ ከወፍ ሰምተው ይሁን» እያልኩ ሄድኩ። በሰው ላይ የሚያሳብቅ ሰው ይኑር ብሎ የጸለየ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጸልያለሁ።

አባቴ ማጭድ እየሳሉ ነበር።

«አባባ፣ ያኔ በአፈርሳታው፣ ደበላ ነው ሲባል የሰሙት የት ሆነው ነው?»

«ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር። ቶላ ጠርቶ ነገረኝ።» ማጭዳቸውን መሳል አላቋረጡም።

«ኦቦ ቶላስ ከማን ሰሙ?»

«ከወፉ ነዋ! ከማን ይሰማል?»

ዶክተር ይልማ አንዱ የነገራችሁን ለሌላው አትንገሩ ማለታቸው ትዝ አለኝ፤ ትዝ እያለኝም ተናገርኩ። «ኦቦ ቶላ እኮ ከግራዝማች ነው የሰማሁት ይላሉ።»

«እንግዲያው ወፉ ግራዝማች ዘንድ ነበራ የመጣው።»

«ግራዝማች ደግሞ ካንቱ ነው የሰማሁት ይላሉ።»

ማጭዱ ቆመ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሜዳው አዩ፤ ከዚያ እንደገና እኔን አዩኝ። እኔ ሰው ሲደነግጥ ብዙ አይቻለሁ፤ የአባቴን ፊት የመሰለ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰና ድምፅ አልወጣም።

«ታዲያ...» አሉ በመጨረሻ፤ «ታዲያ ማን ሰማ?»

ማንም አልሰማም። ወፍ የሚባል አልነበረም። የግራዝማች ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ምስክርነት ሆኖ ግራዝማች ዘንድ ተመለሰ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ አንዳቸውም ሳይዋሹ፣ እርስ በርስ መጠያየቅ ነውር ሆኖባቸው፣ ያንኑ አንድ ጥርጣሬ እየተቀባበሉ የሰው ቤት አፈረሱ። የዶክተር ይልማ ክብ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የጃፓን ገበሬዎች ክቡን የሠሩት አንድ ሰው ለማዳን ነው። የእኛዎቹ ሳያውቁት ሠርተውት አንድ ሰው አጠፉበት።

«ሚስቱ ምጥ ላይ ነበረች» አሉ አባቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለማጭዱ። «ልሂድ፣ ልሂድ ያለው ለዚያ ነው። ልጅቱ እኮ የተወለደችው እሱ እዚያ ሜዳ ላይ ተይዞ ሳለ ነው። ይህን ኋላ ሰማን። ሰምተን እንኳ... ወፍ ነግሮን የለ ወይ ብለን ተውነው።»

ያን ቀን አባቴ እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ልመለስ ስነሣ «ለደበላ ንገረው» አሉኝ። «እኔ ሄጄ ብነግረው ነበር ደጉ፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ንገረው። ስሜንም አትደብቅለት።»

በቀጥታ ዶክተር ይልማ ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሐል ላይ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ እኔ ስጨርስም አላነሡትም። የምርምር ዘዴ አስተማሪዬ ያስተማሩት ዘዴ መሥራቱን ሲሰሙ ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ልክ እንደ አባቴ ደነገጡ። «እኔ እንደዚህ ያለ ክብ ያየሁት ወረቀት ላይ ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ «ጽሑፉ ይቆይ። መጀመሪያ ለሰውየው ንገረው» አሉኝ።

ቡራዩ ስደርስ ኦቦ ደበላ የዚያኑ ባሕር ዛፍ ቅሪት ሲከምሩ አገኘኋቸው። የሰማሁትን አንድ በአንድ፣ ማን ከማን እንደ ሰማ ስሙን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም።

«ወፉ ማን ነበር በለኝ እንግዲህ።»

«ወፍ አልነበረም፣ ኦቦ ደበላ።»

«ወፍ ሳይኖር?»

«ሳይኖር።»

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። አባቴን ይረግማሉ ብዬም ጠበቅኩ። በሬዎቻቸውን፣ መሬታቸውን፣ ስማቸውን ያነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ግንዱ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ፈይሳ ምንም አላለም?» አሉ። «ኦቦ ፈይሳን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ለማንም ምንም አላሉም» አልኳቸው። «ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። «ዋቃዮ! የእናቴ መቃብር ላይ እኮ ሊያቅፈኝ እጁን ዘርግቶ ነበር።»

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። የታጠበ ጋቢ ለብሰው ወጡ። «የሰበታው አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ገብተን አውቶቡስ ቀይረን ሰበታ እስክንደርስ ድረስ አንዲት ቃል ብቻ ነው የተናገሩት። «ስለ ሦስቱ ሽማግሌዎች የሚያውቅ ማነው?» አሉኝ። «ከራሳቸው ሌላ አስተማሪዬ፣ እኔና አንቱ» አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው በመስኮት ማየት ቀጠሉ። እኔ ደግሞ ተጨነቅኩ። ኦቦ ደበላ ሦስት ስም ይዘዋል። አንዴ አፋቸውን ከከፈቱ ወሬው ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ ከጤፍ ጫኞች ጋር ሱሉልታ ይገባል። ከዚያ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከየለቅሶው ዳር የሚቀመጡበት ተራ ይደርሳል። መናገር የኦቦ ደበላ መብት ነው። ቢያደርጉት እኔ በምን አፌ «ተዉ» እላለሁ?

ወፍጮ ቤቱ እህል ባስፈጩና ሊያስፈጩ በመጡ ሴቶች ተጨናንቋል። ኦቦ ፈይሳ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ለብሰው ጆንያ ሲገለብጡ ነበር። ወንድማቸውን በሩ ላይ ሲያዩ ጆንያው ከእጃቸው ወደቀ። ሞተሩን አጠፉ። ሞተሩ ሲጠፋ የሴቶቹም ወሬ አብሮ ጠፋ።

ኦቦ ደበላ በኦሮምኛ ተናገሩ። «ወፉ አንተ አልነበርክም» አሉ። «አሁን አወቅኩ።»

ኦቦ ፈይሳ ፊት ላይ ደስታ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ቁጣ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እየማሉ፣ ሽማግሌ እየላኩ፣ እያለቀሱ «እኔ አይደለሁም» ያሉትን ወንድማቸው አላመኗቸውም፤ ዛሬ ግን የሆነ ሰው መጥቶ ነግሯቸው አመኑ። ማን ይሆን ከገዛ ወንድም ይበልጥ የታመነው?

«ኤኙቱ ሲት ሂሜ?» አሉ። ማን ነገረህ?

ያቺው ጥያቄ! ከጃፓን ተነሥታ፣ በዶክተር ይልማ ጥቁር ሰሌዳ አልፋ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሦስት ሽማግሌ አስደንግጣ፣ ሰበታ ወፍጮ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች። ኦቦ ደበላ ዞረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ ማጭዳቸውን እንደያዙ፣ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ሴቶቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ሲምቢራ» አሉ ኦቦ ደበላ። ወፍ።

ኦቦ ፈይሳ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ከዚያ ሳቁ ልበል፣ አለቀሱ ልበል፤ ዱቄቱ ፊታቸው ላይ ሁለት መንገድ አወጣ። ተቃቀፉ። የኦቦ ደበላ የታጠበ ጋቢ በዱቄት ተበላሸ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለምን እልል እንዳሉ ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

በመመለሻችን ኦቦ ደበላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ የሽማግሌዎቹን ስም እንዳልጽፍ። «እኔ አንድ ጊዜ ስሜ ተጠርቶ አውቀዋለሁ» አሉኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ? አባቴ ስሜን አትደብቅ ብለዋል፤ የተበደሉት ሰው ደግሞ ደብቅ አሉኝ። ጽሑፌን አዘጋጅቼ፣ የምንጭ ስም በሚጻፍበት ቦታ በሦስቱም ላይ «ወፍ» ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ።

ዶክተር ይልማ በቃላቸው የሚገኙ ሰው ናቸው፤ ባዶ ሰጡኝ። ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ወሰድኩት፤ ያን ጊዜ ድልድይ መረጥኩ። ያን ባዶ ያገኘ ወረቀቴን ሲመልሱልኝ ግን ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ ብለው እጅ የነሡኝ መስሎኛል። አይቼ ነው ወይስ ተመኝቼ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ክምሩንስ ማን ለኮሰው ትሉ ይሆናል። አላውቅም። እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ የሚናገር ግን ሞልቷል። በዚህ ወግ ያነሣኋቸው ሰዎች ሁሉ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እኔም ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ይህን ወግ ለሌላ ሰው ማውራታችሁ አይቀርም፤ ቅመምም ታክሉበታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። «ማን ነገረህ?» የሚል ደፋር ካጋጠማችሁ ግን እባካችሁ የእኔን ስም አትጥሩ። ምን እንደምትሉት ታውቃላችሁ።